ተራ የያዘች ድንጋይ

የጤና ጣቢያው ዘበኛ ሚስት ወንድም እንደሚለው ከሆነ ነገሩ አጭርና ግልጽ ነው፤ ግድግዳ ለሳኙ ጎንበስ ብሎ ከሰልፉ ድንጋይ አነሳና አንድ ቃል ሳይተነፍስ ዘበኛውን ፊቱን መታው። በጤና ጣቢያው ደጅ የምትቀመጠው ሳሙና ሻጭ እንደምትለው ደግሞ ማንም ማንንም አልመታም፤ ሰዉ ተገፋፋ፣ ዘበኛው ተንሸራተተ፣ የበሩ ብረት ፊቱን ተቀበለው፣ በቃ፣ ቀን የጣለው አደጋ ነው። ወንድምየው ይህን ሲሰማ በንቀት ይስቃል፤ የበር ብረት ከመቼ ወዲህ ነው ሰው ዓይን ውስጥ የድንጋይ ስባሪ የሚተወው ይላል። ሳሙና ሻጯም የእሱን ስትሰማ ከንፈሯን ትነክሳለች፤ ከሰልፉ ፊት ለፊት ቀኑን ሙሉ የምቀመጠው እኔ ነኝ ወይስ እሱ ትላለች። ሰፈሩም በሁለቱ ወሬ ለሁለት ተከፍሎ አደረ። የዘበኛው ሚስት ባሏ ሲመታ ቁርሱን በሳህን ቋጥራ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበርና ሁሉም የእሷን አፍ አፍ ያያል። ለጠየቃት ሁሉ የምትመልሰው ግን አንድ ነው፤ ድንጋጤ ዓይኔን አስጨፈነኝ፣ አላየሁም።

ዓይኗን አልጨፈነችም ነበር።

በዚህ ሰፈር የሚሰለፈው ሰው ሳይሆን ድንጋይ ነው። ጤና ጣቢያው በቀን የሚያየው በሽተኛ ከሚመጣው እጅግ ስለሚያንስ፣ ነገ ሐኪም የሚፈልግ ሰው ዛሬ ሲመሻሽ ድንጋዩን ይዞ ይሄድና ከበሩ እስከ ቦዩ ድረስ በተዘረጋው ረድፍ መጨረሻ ላይ አኑሮት ይመለሳል። ጠዋት መጥቶ ድንጋዩን በእግሩ ገፋ ያደርግና በቦታው ይቆማል። ድንጋዮቹ ከባለቤቶቻቸው እኩል ይታወቃሉ። የለሳኙ ከፈረሰ ግድግዳ የተረፈ፣ አንድ ፊቱን ጀሶ የለበሰ የብሎኬት ስባሪ ነው። የዘበኛው ሚስት እናት ድንጋይ ደግሞ ጥቁር፣ ድቡልቡል፣ ወገቧን በቀይ ጨርቅ የታሰረች ናት፤ ጨርቁን ያሰረችላት ራሷ አሮጊቷ ነች፣ "እኔ ባልታወቅ እሷ ትታወቅልኝ" ብላ። ከገመድ ላይ የሰው ሱሪ የሚያወርድ ሌባ እንኳ የሰው ድንጋይ አይነካም። ሰፈርተኛው በዚህ ይቀልድ ነበር፤ ሰላምታ ሲለዋወጡ "ድንጋይህስ እንዴት አደረ?" የሚባባሉ ነበሩ፤ እስከ ትናንት ጠዋት ድረስ።

ከትናንት ወዲያ፣ ቀን ይመጣሉ የተባሉ እንግዶች ሲመሻሽ ሊደርሱ ሆነና የጤና ጣቢያው ኃላፊ ደጁን አይቶ ተቆጣ፤ ይህ የድንጋይ ኮተት ከፊቴ ይጥፋ አለ። ዘበኛው ከኃላፊው ይልቅ የድንጋዮቹን ባለቤቶች የሚፈራ ሰው ነውና ቦይ ውስጥ አልወረወራቸውም። በእጅ ጋሪ ጭኖ ከአጥሩ ጀርባ ወስዶ አቆያቸውና የእንግዶቹ መኪና ሲሄድ አንድ ሳያጎድል መልሶ ደረደራቸው። ጠዋት ሰዉ ሲመጣ ግን ረድፉ ተገልብጦ ጠበቀው። ከሁሉ ኋላ የነበረችው ባለቀይ ጨርቋ ድንጋይ ከበሩ ሥር ቁጭ ብላለች፤ ከሁሉ ፊት የነበረው የለሳኙ ብሎኬት ቦዩ አፍ ላይ ተወርውሯል። ባለቀይ ጨርቋ የዘበኛው አማት ድንጋይ መሆኗን የማያውቅ አልነበረም። ለሳኙ አስም የያዛትን ልጁን ትከሻው ላይ እንዳደረገ "ለአማትህ ስትል የልጄን ትንፋሽ ሸጥክ" እያለ ወደ በሩ ሲመጣ፣ ከኋላው የመጣው ሰው ሁሉ አብሮት ተመመ። ከዚያ በኋላ ያለው የሁለቱ ወሬ ነው።

ዛሬ ጠዋት ሚስትየው የነቃችው ጣሪያዋ ላይ ድንጋይ ሲወርድ ነው። ቆርቆሮው አንዴ ጮኸ፣ ደገመ፣ ከዚያ ከመንገዱ "ተራ ሌባ" የሚል የሴት ድምፅ ተከተለና የሩጫ ኮቴ ራቀ። ባሏ አልተንቀሳቀሰም። ግማሽ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሎ በጀርባው ተጋድሟል፤ ፋሻው ከዓይኑ በኩል ቢጫ ፈሳሽ አዝሏል። ቤታቸው አንድ ክፍል ናት። በመሐል በተዘረጋው መጋረጃ ወዲያ እናቷ ትተኛለች፣ ወዲህ እነሱ። ከወዲህ አዮዲን ይሸታል፣ ከወዲያ የእናቷ እግር። አሮጊቷን ስኳር ከያዛት ቆይቷል፤ አውራ ጣቷ ሥር የጀመረው ቁስል አሁን ወደ ተረከዟ ወርዷል። በየሁለት ቀኑ ታጥቦ ካልታሸገ መቁረጥ ይመጣል ብለዋታል፤ መታጠብ የነበረበት ደግሞ ትናንት ነው። ትናንት ግን ዘበኛው ከተሰፋ በኋላ የጤና ጣቢያው ሠራተኞች ባልደረባችን እየተደበደበ አንሠራም፣ መቺው ሳይያዝ በሩ አይከፈትም ብለው ቆለፉት።

የዓይኑ ነገር ሌላ ነው። ግንባሩን የሰፋችው ነርስ ዓይኑን በባትሪ አየችና ፊቷን አዞረች። ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልሆነ ይህኛው ይጠፋል፣ ይህኛው ደግሞ ቆይቶ ጤነኛውንም ይዞት ሊሄድ ይችላል አለች። የዓይን ሆስፒታሉ በር ላይ ሲደርሱ ድብደባ ከሆነ የፖሊስ ወረቀት ይምጣ ተባሉ። ፖሊስ ጣቢያ ሲሄዱ ሳጅኑ ከጠቡ ውጭ ሆኖ የመታውን ያየ ሰው ቃሉን ሳይሰጥ ወረቀት አልጽፍም አለ። ወድቆ ነው እንዳይሉ ነርሷ "በድንጋይ የተመታ" ብላ ጽፋለች። እንዲህ ሆኖ የሰውየው ሁለት ዓይኖች በሚስቱ ምላስ ላይ ተንጠለጠሉ።

ወንድሟ ወተት ይዞ መጣ። ወተት ይዞ መጥቶ አያውቅም። ጎሚስታ ነው፤ ከዋናው መንገድ ዳር ጎማ ይለጥፋል፣ ትከሻው የበሩን ወርድ ይሞላል፣ ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር በሳሙናም በቤንዚንም አይለቅም። በየሁለት ቀኑ እናቱን በጀርባው አዝሎ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ አሳጥቦ፣ መልሶ ሽቅብ የሚያወጣት እሱ ነው፤ በመንገድ ላይ ሰው ሲስቅበት "እሷም አዝላኛለች፣ ያውም በነጻ" ይላል። ወተቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ስለ ዳቦ መወደድ አወራ፣ ከዚያ ስለ መኪና መንገድ መበላሸት። የእህቱን ባል አላየውም። ደጋግማ ተመለከተችው፤ ዓይኑ ጣሪያው ላይ፣ መጋረጃው ላይ፣ ጫማው ላይ ያርፍ ነበር እንጂ ከአልጋው አይደርስም።

"እታለም፣ ሳጅኑ ጋ ሄደሽ ለሳኙ ነው በይው" አለ በመጨረሻ። "አንድ ቃል ናት። ዛሬውኑ ዓይኑ ይታከማል፣ ጤና ጣቢያውም ይከፈታል፣ እማዬም ትታጠባለች።"

"አላየሁም አልኩህ እኮ።"

"ያየሽውን በይ መች አልኩሽ። የነገርኩሽን በይ ነው ያልኩሽ።"

ከመጋረጃው ጀርባ እናቷ ተንቀሳቀሰች። "ድንጋዬስ?" አለች። "ድንጋዬን ያነሳልኝ ሰው አለ? ነገም እኮ ተራ አለ።"

ወንድሟ ድንገት ብድግ ብሎ በርጩማውን በእግሩ አነሳው፤ በርጩማው ግድግዳው ላይ ተሰባብሮ አንዱ እግር ወተቱን ገልብጦት ወደቀ። ወተቱ በጠረጴዛው ጠርዝ እየተንጠባጠበ ሳለ ለሳኙን እኔው ራሴ አናግረዋለሁ፣ እማዬንም መጥቼ አዝላታለሁ፣ በሩንም እኔ አስከፍተዋለሁ ብሎ ወጣ። ሲወጣ ከቀበቶው ሥር የጎማ መፍቻ ብረቱ ጫፍ ታያት።

ጨርቅ አምጥታ ወተቱን ጠረገች። ባሏ ወደ ግድግዳው እንደዞረ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሁሉ ቀስ ብሎ ተናገረ።

"ሁለቱንም እጆቹን ይዤው ነበር።"

"የማንን?"

"የለሳኙን። ልጅቷን አውርዶ ወደ ወንድምሽ ሲሮጥ መሐል ገብቼ ሁለቱንም እጆቹን ያዝኩት። ተረጋጋ እያልኩት ነበር። ድንጋዩ ሲያርፍብኝም አልለቀቅኩትም።" ፋሻውን ነካ አደረገ። "እማማን ማን ያዝልልናል ብዬ ነው ለሳጅኑ ዝም ያልኩት። አንቺ እንደመሰለሽ አድርጊ። እኔ አልፈርድብሽም።"

ጨርቁን ጨመቀችው። እሷም ያየችው ይህንኑ ነው። ወንድሟ በእናቱ ቦታ ከሁሉ ፊት ቆሞ፣ ዛሬስ ቀናን እያለ ሲስቅ ነበር። ለሳኙ ወደ እሱ ሲመጣ ወንድሟ ከእግሩ ሥር ያለችውን ባለቀይ ጨርቅ ድንጋይ አነሳና በዘበኛው ትከሻ ላይ አሻግሮ የለሳኙን ጭንቅላት ሲል፣ ባሏ የሆነ ነገር ሊል ፊቱን ወደ ኋላ መለሰ። ድምፁ አሁንም ጆሮዋ ውስጥ አለ፤ የደረቀ፣ ትንሽ፣ ለውዝ የተሰበረ የሚመስል። ወንድሟ እጁን አየ፣ ድንጋዩን ወደ ቦዩ ወረወረ፣ ከዚያም ከሁሉም አስበልጦ "ለሳኙ ገደለው" ብሎ የጮኸው እሱ ነው። ከዚያ ጩኸት በኋላ ሰዉ ማንን እንደሚመታ አላወቀም፤ ወዲያና ወዲህ ተደባለቀ፣ አንዱ በጫማ ሌላው በዱላ። ቁርሱን የቋጠረችበት ሳህን ከእጇ ወድቆ ሲረጋገጥ ቆማ ታየው ነበር።

ሳትሠራ ከዋለች ሥራዋን ሌላ ትይዘዋለችና ለአለቃዋ ልትነግር ወደ መጋዘኑ ሄደች። ጆንያ ነው የምትጥፈው። መጋዘኑ ረጅም፣ መስኮት የሌለው፣ የእህልና የአይጥ አቧራ የሞላበት ነው፤ ሴቶቹ በተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጠው በትልልቅ መርፌና በሲባጎ የተቀደደውን እየሰፉ ከጎናቸው ይከምራሉ። ስትገባ ወሬው ቆመ። ማንም ደህና አደርሽ አላላትም። ከጥግ ያለችው፣ ልጇ በፈላ ውሃ ተቃጥሎ ትናንት ፋሻውን ልታስቀይርለት የነበረችው ሴት፣ መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰክታ ተነሳች።

"ለእናትሽ እንኳን ደስ አላት" አለቻት። "አንደኛ ወጣች አሉ።"

ወዲያውም ሴትየዋ ፀጉሯን ጨምድዳ ያዘቻት። ሌሎቹ ለማገላገል ቸኮል አላሉም። ሁለቱም ተያይዘው ከጆንያው ክምር ላይ ወደቁ፤ ጥፍር ጉንጯን ቧጠጣት፣ ጉልበት ሆዷን አገኛት፣ እሷም የያዘችውን አልለቀቀችም፤ ያገኘችውን ክንድ እስክትቀምስ ድረስ ነከሰች። አለቃዋ በሲባጎ ጥቅል ሁለቱንም እየደበደበ ለያያቸው። ሴትየዋ ክንዷን ይዛ "የልጄ ቁስል ሸተተ፣ እሱን ማን ይጠይቅልኝ" እያለች ስታለቅስ፣ የዘበኛው ሚስት መሬት ተቀምጣ ደሟን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግ ነበር። አለቃዋ ምን ሊያደርግ፣ የተንጋደደውን ክምር መልሳችሁ ደርድሩ ብሏቸው ሄደ።

እየደረደረች ሳለ ነው የገባት። ጠዋት መጀመሪያ የተሰፋው ጆንያ ከሥር ነው፤ የመጨረሻው ከላይ። ከላይ ያለውን አንስታ አዲሱ ቦታ መጀመሪያ አስቀመጠችው፤ ሁለተኛው በላዩ። ክምሩን ጨርሳ ስታየው የመጀመሪያው ከሁሉ በላይ ወጥቷል። እጇ በአየር ላይ ቀረ። ባሏ የጋሪውን ነገር ነግሯታል፤ ከበሩ ጀምሮ እያነሳ ጫነ፣ ከአጥሩ ጀርባ ጋሪውን ሳያራግፍ አቆየው፣ ሲመልስ ከላይ ያለውን እያነሳ ከበሩ ጀምሮ ደረደረ። ሌባም አልነበረም፣ አድሎ አድራጊም አልነበረም። ታማኝ ነው፣ ግን በሕይወቱ ተሰልፎ የማያውቅ፣ ሁልጊዜ ከበሩ ወዲያ የሚቆም ሰው ነውና የትኛው ድንጋይ ፊት እንደነበረ ልብ አላለም። ሁሉንም መልሻለሁ ብሎ ኩራት ተሰምቶት አደረ። ለዚህ ነው ዓይኑን የተመታው። ሳቅ የመሰለ ነገር ከጉሮሮዋ ወጣ፤ የነከሰቻት ሴት ዞር ብላ አየቻትና ይህቺስ አበደች አለች።

የጤና ጣቢያው በር ላይ ስትደርስ ሰዉ እንደ ንብ ሰፍሯል። ጠዋት የመጣ አልተመለሰም። አዲሱ ዘበኛ ከብረቱ ፍርግርግ ጀርባ ሆኖ እጁን የሚያስገባውን ሁሉ በዱላ ጣቱን ይመታል፤ የተመቱት ጣታቸውን አፋቸው ውስጥ ከትተው ይሳደባሉ። እርጉዝ ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። ሳሙና ሻጯ ዕቃዋን ሰብስባ ከፍ ያለ ቦታ ወጥታለች፤ እንደዛሬ ሳሙና ተፈልጎ አያውቅም፣ ግን ማንም አይገዛም፣ ሁሉም ደሙን በልብሱ ይጠርጋል ስትል የሳቀላት የለም። የዘበኛው ሚስት ስታልፍ ወደ እሷ አጎነበሰችና "ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም። ወደቀ በይና ዝም በይ" አለቻት በጆሮዋ። ያኔ ሳሙና ሻጯም እንዳየች ገባት። ለማን አስባ እንደምትዋሽ ግን አልገባትም፤ ምናልባት ለሁላቸውም።

ለሳኙ በሩን ተደግፎ ቆሟል። ልጁ ደረቱ ላይ ተለጥፋለች፤ ትንፋሽ ባስገባች ቁጥር የአንገቷ ጉድጓድ ይሰረጉዳል፣ ከንፈሯ ዳር ዳሩን አመድ መስሏል። ሱሪው ላይ የደረቀ ጀሶ አለ። የዘበኛውን ሚስት ሲያይ ሊሸሽም ሊመታትም ያሰበ መሰለ፤ ልጅቷ ስለያዘችው አንዱንም አላደረገም። ስለ ጋሪው ነገረችው። ፈጥና፣ ትንፋሽ እያጠራት፣ በእጇ ከላይ ወደ ታች እያሳየች። ለሳኙ በግድግዳ የሚኖር ሰው ነው፣ ሲሚንቶም አሸዋም በጋሪ ሲጭንና ሲያራግፍ ነው የሚውለው፤ ገና ሳትጨርስ ገባው። ዓይኑን ጨፈነ።

"ታዲያ ምን አለ እንዲህ ሆነ ቢለኝ?" አለ።

"አያውቅም ነበር።"

"እኔ ባልሽን አልመታሁትም፣ እህቴ። እጄን ይዞኝ ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"ካወቅሽ ለምን አትናገሪም?" ድምፁን አልጨመረም። "ወንድምሽ ትናንት ማታ ከነጓደኞቹ ቤቴን ሰብሮ ገብቷል። ምድጃ አልቀረኝ። ከተገኘሁ ይገድለኛል፣ ካልተገኘሁ ደግሞ ይህቺ ልጅ እዚሁ በር ላይ ትሞታለች። የትኛውን ልምረጥ?"

አፏን ከፈተች። የእናቷ እግር ታያት፣ ቁልቁለቱ ታያት፣ አቀበቱ ታያት። ምላሷ እንደ ጆንያ መርፌ ዝጎ ቀረ።

መንገዱ ላይ ሰዉ መከፈት ጀመረ። ወንድሟ እናቱን አዝሎ ይመጣል፤ ከኋላው ሁለት የጎማ ቤት ጓደኞቹ። አሮጊቷ ጉንጯን ማጅራቱ ላይ አስደግፋ፣ የታመመ እግሯ በላስቲክ ተጠቅልሎ እየተወዛወዘ ነው። ከበሩ ፊት ሲደርስ ተንበረከከና እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ አወረዳት። ሻርፗን አስተካከለላት። እግሯን በእጁ ደግፎ ንጹሕ ድንጋይ ላይ አሳረፈላት። ከዚያ ተነሳ፣ ከቀበቶው ብረቱን መዘዘና ለሳኙን ትከሻውን መታው።

ለሳኙ አልተከላከለም፤ መከላከያ እጅ አልነበረውም። ልጅቷን ወደ ደረቱ ጠቅልሎ ጀርባውን ሰጠ። ሁለተኛው ጀርባው ላይ አረፈ፣ ሦስተኛው ክርኑ ላይ፤ ክርኑ ሲሰበር ሁሉም ሰማው። ተንበረከከ እንጂ ልጅቷን አልጣላትም። ጓደኞቹ በጫማ ተቀበሉት። ያኔ ሰዉ ገነፈለ፤ ትናንት ከለሳኙ ጋር የነበሩት ያነሱት ድንጋይ ደግሞ ትናንት ተራ የያዘላቸውን ድንጋይ ነበር። አንዱ የጎማ ቤት ጓደኛ ግንባሩ ተፈንክቶ ቁጭ አለ። እርጉዟ ሴት ሆዷን በሁለት እጇ ሸፍና ጮኸች። የዘበኛው ሚስት የወንድሟ ክንድ ላይ ተንጠለጠለች፤ ማን መሆኗን ሳያይ በክርኑ አፏን መታትና ጥርሷ ተነቃነቀ፣ አፏ በደም ሞላ። አልለቀቀችውም። ሳጅኑና ሁለት ፖሊሶች ያገኙትን ሁሉ በዱላ እየጠረጉ እስኪደርሱ ድረስ እንደ ሕፃን ክንዱ ላይ ተንጠልጥላ ቆየች።

ፖሊሶቹ ለሳኙንም ወንድሟንም ያዙ። ለሳኙ የተሰበረ ክንዱ በተቃራኒ ታጥፎ እያለ እንኳ ልጅቷን በደህናው አቅፏት ነበር። ሳጅኑ ያስነጥሰዋል፣ አቧራው አፍንጫው ገብቷል። ከፍርግርጉ ጀርባ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ቆሟል፤ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ፣ ፊቱ ከካፖርቱ የነጣ። ዘበኛዬን የመታው ሰው ተለይቶ ካልተያዘ ሠራተኞቼን አላስገድልም አለ። ነርሷ ከኋላው ሆና ልጅቷን እያየች ቁልፉን በእጇ ታሻሸዋለች።

"እንግዲህ አንቺ ነሽ" አለ ሳጅኑ ወደ ዘበኛው ሚስት ዞሮ። "እዚሁ ሁሉም ባለበት ተናገሪ። ባልሽን ማን መታው?"

"እታለም፣ ንገሪው" አለ ወንድሟ። ትንፋሹ ይቆራረጥ ነበር። ድምፁ ግን የትዕዛዝ አልነበረም፤ ልጅ እያሉ ጥፋት አጥፍቶ ከበር ኋላ ተደብቆ "አትናገሪብኝ" ሲላት የነበረው ድምፅ ነው።

ደሟን ተፋች። ወደ ሳጅኑ አልሄደችም፤ ወደ ቦዩ ሄደችና ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። ጭቃው ከጉልበቷ በታች ዋጣት። ጎንበስ ብላ ስትዳብስ ሰዉ ወደ ቦዩ አፍ ተጠጋ፤ ከላይ ያለችው ሳሙና ሻጭ ብቻ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ከቦዩ ስትወጣ ባለቀይ ጨርቅ ድንጋይዋን አቅፋለች። በጨርቁ እጥፋት ውስጥ ቦዩ ያላጠበው የደረቀ ጥቁር ደም ነበር። ወስዳ ከእናቷ እግር ሥር አስቀመጠቻት።

አሮጊቷ ድንጋይዋን አየች። በጣቷ ጨርቁን ነካች። ትናንት ጠዋት ከዚያች ድንጋይ ጎን ማን እንደቆመ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ራሷ ነች የላከችው። ቀና ብላ የልጇን እጅ አየች፣ ከዚያ ፊቱን። ወንድሟ ከፖሊሶቹ ለማምለጥ አልሞከረም፤ ብቻ ትከሻው ወረደ፣ ያ በር የሚሞላ ትከሻ።

"የመታው ወንድሜ ነው" አለች የዘበኛው ሚስት። "ለሳኙን ሲል ባሌን አገኘው። ያየሁት እኔ ነኝ፣ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ቃሌን ጻፍ።"

ሳጅኑ ለፖሊሶቹ አገጩን ነቀነቀ። ለሳኙን ለቀቁት። ነርሷ የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቅ ቁልፉን በታችኛው ጓጉንቸር ላይ አዞረችና ፍርግርጉ በሲቃ ተከፈተ፤ ልጅቷን ከአባቷ ክንድ ተቀብላ ወደ ውስጥ ሮጠች፣ እሱም ክንዱን ይዞ ተከተላት። ሰዉ ሊግተለተል ሲል አዲሱ ዘበኛ ዱላውን አጋደመ። ወንድሟን ይዘውት ሲሄዱ አንዴ ወደ ኋላ ዞረ፤ ያየው ግን እህቱን ሳይሆን የእናቱን እግር ነበር።

"እኔንስ?" አለች እናቷ። ድምፅዋ ማልቀስም መውቀስም አልነበረበትም፤ ተራው ደርሶት እንደሚጠይቅ ሰው ነው የጠየቀችው። "ከእንግዲህ ማን ያመላልሰኛል?"

የዘበኛው ሚስት ጀርባዋን ሰጥታ ከእናቷ ፊት ተንበረከከች። እናቷ ከእሷ ትከብዳለች፤ ሁለቱም ያውቁታል። የእናቷን ሁለት እጆች ወደ ኋላ ዳብሳ ያዘችና በትከሻዋ ላይ ወደ ደረቷ ሳበቻቸው።

"ከዛሬ ጀምሮ የማዝልሽ እኔ ነኝ" አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። "አንገቴን አጥብቀሽ ያዢ። ከልጅቷ ኋላ እንሰለፋለን።"